ከጅብራው በላይ፦ በውርጭና በበረዶ ዳገት ላይ ፎር ባይ ፎር መንዳት

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ እስኪደርስ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ነው። ሾፌርን የሚፈትነው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ደባርቅ በ2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲገባ ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ከጨነቅ ወደ ጃናሞራ የሚያሻግረው የቧሂት በር ደግሞ 4,200 ሜትር አካባቢ ነው። ኮረኮንች ነው፣ ጠባብ ነው፣ በአንድ ወገን ተራራ በሌላው ገደል ነው። በክረምት በረዶ ይጥልበታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ያስረዋል። «እኛ አገር በረዶ ላይ መንዳት የሚባል ነገር የለም» የሚል ሰው ይህን መንገድ በታኅሣሥ ንጋት አላየውም ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በብዛት እዚህ መንገድ ላይ የሚታዩትን መኪኖች ነው፦ ባለ 70 ሴሪ ላንድክሩዘርን፣ ሃይሉክስንና የመሳሰሉትን። በማንሻ ከሁለት ጎማ ወደ አራት ጎማ የሚቀየሩ፣ ኤች ቱ (በሁለት ጎማ)፣ ኤች ፎር (በአራት ጎማ) እና ኤል ፎር (በአራት ጎማ፣ ቀርፋፋና ባለ ጉልበት) የሚል ምልክት ያላቸው ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ፎር ባይ ፎር ለመውጣት ይረዳል፤ ለመቆም ግን አይረዳም። ፍሬን ማንኛውም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነው፤ ላንድክሩዘሩ ከቪትዝ የሚበልጥበት ነገር የለም። እንዲያውም ክብደቱ ሲንሸራተት ለጉዳቱ ያግዛል። በረዶ ላይ አደጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ መውጣት ባቃተው መኪና ላይ ሳይሆን ያለችግር ወጥቶ መውረድ በጀመረው ላይ ነው። ዳገቱን የወጣው ሾፌር «መኪናው ይዟል» ብሎ ተማምኗል፤ የያዘው ግን ጉልበቱ እንጂ ፍሬኑ አይደለም።

ቁጥሩን እንየው። ደረቅ ኮረኮንች ላይ 8 በመቶ ቁልቁለት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 4 ሜትር በማይሞላ ርቀት ይቆማል። ያው መኪና፣ ያው ቁልቁለት፣ ያው ፍጥነት ሆኖ መሬቱ በረዶ ከሆነ ለመቆም 80 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ፍጥነቱን ወደ 10 ብታወርዱት 20 ሜትር፣ ወደ 5 ብታወርዱት 5 ሜትር ይሆናል። ቁልቁለቱ 10 በመቶ ከሆነ ግን ስሌቱ ራሱ ያልቃል፤ ጎማው በረዶው ላይ ያለው መያዣ ከስበቱ ጋር እኩል ስለሚሆን መኪናው ፍሬን ተይዞ እንኳ አይቆምም። 10 በመቶ ማለት በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር መውረድ ነው፤ ከጨነቅ በላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ በረዶ ሲገጥም የሚያድነው ከመጀመሪያው በሰው እርምጃ መውረድ ነው። ከመሃል ላይ ማስተካከል የለም።

መሬቱን ማንበብ

ደባርቅ ላይ ሆኖ ላዩ ምን እንደሚመስል መገመት ይቻላል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ መጠን ይቀንሳል። ከደባርቅ እስከ ቧሂት በር 1,350 ሜትር ገደማ አለ፤ ይህ 8 ዲግሪ አካባቢ ልዩነት ነው። ጠዋት ደባርቅ 6 ዲግሪ ከሆነ በሩ ከዜሮ በታች ነው ብላችሁ ተነሱ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ባልነበረበት ሌሊት ደግሞ መሬቱ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞሜትር 3 ዲግሪ እያሳየ መንገዱ አመዳይ ለብሶ ሊገኝ ይችላል። ደመና ያለበት ሌሊት ይሻላል።

ቴርሞሜትር ለሌለው ተክሉ ይነግረዋል። አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ መሳይ ዛፍ) እስካለ ድረስ ውርጩ አልፎ አልፎ ነው። አስታው ሳስቶ ጓሳው (የደጋው ሣር) ሜዳውን ሲሞላውና ጅብራው (እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ረጅሙ ተክል) ብቅ ብቅ ሲል ግን ሌሊት ሌሊት የሚያስር ቦታ ውስጥ ገብታችኋል። የአገሬው ሰው የአየር ጠባዩንም «ውርጭ» ብሎ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

በረዶውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የግድ ነው።

የመጀመሪያው የክረምቱ በረዶ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደው። እንክብሎቹ ከጎማው ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላሉ፤ ጎማው መሬቱን ሳይነካ በላያቸው ይሄዳል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ከሥሩ ቀልጦ ጭቃ ይሆናል፣ ላዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን መጠበቅ ነው የሚሻለው። ዝናቡ አቁሞ ውኃው በቦዩ እስኪወርድ አንድ ሰዓት ቢያቆሙ የሚጠፋ ነገር የለም።

ሁለተኛው የምንጭ በረዶ ነው። ከተራራው ወገን መንገዱን አቋርጦ የሚፈስ ትንሽ ውኃ ሌሊት ይረጋና እንደ መስታወት ይሆናል። ሁለት ሦስት ሜትር ስፋት ብቻ ነው ያለው፤ ደረቅ መንገድ ላይ እየተነዳ ድንገት የሚመጣው እሱ ነው። ከሩቅ ሲታይ ነጭ አይደለም፣ ጥቁር ነው፤ እርጥብ መንገድ ይመስላል። ለይቶ ማወቂያው እንዲህ ነው፦ ሰማዩ ጥርት ባለ ንጋት ሌላው መንገድ ሁሉ አቧራ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ «ርሶ» ካያችሁ እሱ ውኃ አይደለም። ጎማ ያለፈበት እርጥብ መንገድ ጭቃ ይረጫል፤ ይህ አይረጭም። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትዞር ወደ ሰሜን የዞሩ ቁርጦች (ተራራው ተቆርጦ መንገድ የወጣባቸው ቦታዎች) ጥላ ውስጥ ይቆያሉ። እዚያ ያለው ምንጭ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላም ላይፈታ ይችላል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው በረዶ አይለውም፤ እኔ ግን ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። እርጥብ አፈር ሌሊት ሲረጋ ውኃው ከአፈሩ ውስጥ ወደ ላይ እየተሳበ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ይሠራል። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ እንደ ብሩሽ ፀጉር ተጠጋግተው የቆሙ፣ በአናታቸው ላይ ስስ አፈር የተሸከሙ ናቸው። በእግር ሲረገጡ ቅርጭጭ ይላሉ። በንጋት ጎማው ስለሚሰባብራቸው ያን ያህል አያስቸግሩም። ፀሐይ ሲያገኛቸው ግን ይቀልጡና አፈሩን ልቁጥ ያደርጉታል፤ ከሥር ያለው መሬት ደግሞ ገና እንደታሰረ ነው። ውኃው ወደ ታች መስረግ አይችልም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቅባት የመሰለ ጭቃ በድንጋይ ላይ የተለቀለቀ ያህል ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ «ፀሐይ ወጣ፣ አለፈ» የሚባልበት ሳይሆን ከንጋቱ የባሰ ሊሆን የሚችል ነው። ራሱ በረዶውም ቢሆን ከዜሮ ብዙ ዝቅ ሲል ይልቅ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ላዩ ሲያረጥብ ነው ይበልጥ የሚያንሸራትተው። ወይ በንጋት በጥንቃቄ እለፉ፣ ወይ እስከ ከሰዓት በኋላ ጠብቁ።

ከጥምዙ በፊት አጠራጣሪ ነገር ካለ መውረድና በእግር ማየት ነው። ተረከዝን ወደ መሬት መታ አድርጉ፦ ጉድጓድ ከሠራ ልቁጥ ነው፣ ከነጠረ የታሰረ ነው፣ ከተንሸራተተ በረዶ ነው። ምንም ሳትደገፉ በጫማችሁ መውረድ ካቃታችሁ መኪናውም አይወርድም። ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ወይም ረዳት ካለ ከፊት በእግሩ ይሂድ፤ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ከሚጸልይ ወርዶ ቢያሳይ ይጠቅማል። ሲመራ ግን ሁልጊዜ በተራራው ወገን ይቁም፣ ከመኪናው በታች ባለው ቁልቁለት አይቁም።

ደባርቅ ላይ የሚያልቅ ሥራ

ዳገቱ ላይ ሆኖ የሚሠራ ዝግጅት ዝግጅት አይደለም። ከጎማው እንጀምር። የበረዶ አገር ሰዎች ለብርዱ ወራት የተለየ ጎማ ያስገባሉ፤ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች ሳይደርቅ እንዲለሰልስ ሆኖ የተሠራ ነው። የእኛ ጎማ ቅዝቃዜ ላይ ይደነድናል። ይህን መቀየር አይቻልም፤ ጥርሱን ግን መምረጥ ይቻላል። ሙልጭ ያለ ጎማ ይዞ ቧሂት መውጣት ተገቢ አይደለም። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነትና ተቀራራቢ ጥርስ ያላቸው ይሁኑ። የፊቱ አዲስ የኋላው ያለቀ ከሆነ ቁልቁለት ላይ የኋላው ቀድሞ ይስታል፣ መኪናውም ይዞራል።

ንፋሱን በተመለከተ ብዙ ሾፌር «ከፍታ ላይ ጎማ ያብጣል» ብሎ ይፈራል። ግማሹ እውነት ነው። ከጎንደር ቧሂት ድረስ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ሁለት ከግማሽ ፒኤስአይ ያህል ከፍ ያለ ያሳያል። ነገር ግን በ20 ዲግሪ የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች ሲወርድ ቅዝቃዜው ሦስት ያህል ይቀንሰዋል። አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል፤ ጎንደር 36 የተሞላው በንጋት በሩ ላይ 35 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከፍታውን ፈርቶ ማራገፍ አያስፈልግም። ለልቁጡና ለኮረኮንቹ ግን ከደባርቅ በኋላ ወደ 28 ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል፣ ጭነቱ ከባድ ካልሆነ። ጎማው ይሰፋል፣ ድንጋዩን ያቅፋል። ለምንጭ በረዶው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ስትመለሱ አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት መሙላት ግዴታ ነው፤ በ28 ወደ ጎንደር በፍጥነት የሚነዳ ጎማ ይሞቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የራሳችሁን መለኪያ ያዙ። የጎሚስታው መለኪያ ሁሉ እኩል አያነብም።

ራዲያተር ውስጥ ያለው ንጹሕ ውኃ ብቻ ከሆነ ጨነቅ ላይ ማደር አይቻልም። ውኃ ሲረጋ ይሰፋል፤ ራዲያተሩን ወይም የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል። አንቲፍሪዝ ግማሽ በግማሽ ከተደረገ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይቋቋማል፤ ለሰሜን ተራሮች ከበቂ በላይ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ 4,200 ሜትር ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ በ86 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ጎማ ያረጀና ግፊት የማይዝ ከሆነ ሞተሩ ዳገቱ መሃል ይፈላል፤ ዳገት መሃል መቆም ደግሞ ከሁሉ የምንሸሸው ነገር ነው። ክዳኑ ርካሽ ነው፣ ይቀየር።

የናፍጣ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውኃ አፍስሱ፤ ሌሊት ረግቶ መስመሩን ይዘጋል። ባትሪ ቅዝቃዜ ላይ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ጎንደር ላይ እየተንገታገተ የሚነሳ ሞተር ጨነቅ ላይ አይነሳም። የማሞቂያ ካንዴላዎቹም አንዱ ከሞተ ንጋት ላይ ያሳውቃል።

ዕቃ በተመለከተ፦ አካፋ፣ ሁለት ታኮ፣ የሚጎትት ገመድ፣ ክሪክና ከሥሩ የሚነጠፍ ሰፊ ጣውላ፣ አንድ ጆንያ ደረቅ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር። አመድ ይዞ መሄድ የለመደ አለ፤ በደረቅ በረዶ ላይ ይይዛል፣ ሲረጥብ ግን ራሱ ልቁጥ ይሆናል። ጆንያውም የቃጫ ይሁን። የማዳበሪያ ላስቲክ ከረጢት ከጎማ ሥር ብታደርጉት ይንሸራተታል። የቃጫው እርጥብ ሆኖ ከበረዶው ጋር ይጣበቃል፣ ጎማው ይነክሰዋል። የበረዶ ሰንሰለት ያለው ካለ መልካም ነው፤ ግን ልኩ ከጎማው ልክ ጋር ይግጠም፣ በደረቅ ሜዳ አንድ ጊዜ አስገብቶ ማውጣት ይለማመድ።

ጭነቱ ዝቅ ይበል። ፖርቶመጋላ ላይ የተከመረ ጄሪካንና ድንኳን መኪናውን ከላይ ያከብደዋል፤ መንገዱ ወደ ገደሉ ወገን ያዘነበለበት ቦታ ላይ ይህ ክብደት መኪናውን ወደዚያው ይጎትተዋል። ውኃና ነዳጅ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ታስሮ።

ማንሻውና ሀቡ

ደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ፦ ማንሻው ኤች ፎር ላይ ነው፣ መብራቱም በርቷል፣ የፊት ጎማ ግን አይጎትትም። ምክንያቱ የፊት ጎማው መሃል ላይ ያለችው፣ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የምታገናኘው ሀብ «ፍሪ» (ያልተያያዘ) ላይ መሆኗ ነው። በእጅ የምትዞር ሀብ ባላቸው መኪኖች ሾፌሩ ወርዶ ሁለቱንም ወደ «ሎክ» (የተቆለፈ) ማዞር አለበት፤ አንዷ ብቻ ከዞረችም ጥቅም የለውም። በንጋት ቅዝቃዜ ቅባቷ ስለሚጠጥር በሁለት ጣት አትዞርም፤ መዳፍ ሙሉ ይዞ፣ ምልክቱ ከመስመሩ ጋር ልክ እስኪገጥም። ግማሽ መንገድ ላይ የቀረች ሀብ ጉልበት ሲመጣባት ጥርሷን ትሰብራለች። ጥሩው ልማድ ከደባርቅ አስፋልት እንደወጡ ሀቦቹን ሎክ አድርጎ እስከ መመለሻ መተው ነው፤ ማንሻው ኤች ቱ ላይ እስካለ ጉዳት የለውም።

አስፋልት ላይ ግን ኤች ፎር አይገባም። ጥምዝ ላይ የፊቱና የኋላው ጎማ የሚሄዱት ርቀት ይለያያል፤ እነዚህ መኪኖች ልዩነቱን የሚያካክስ ነገር በመሃል የላቸውም። ኮረኮንች ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ያካክሰዋል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጥርሱና ዘንጉ ይጨናነቃል።

ዲፈረንሻል መቆለፊያ ላለው፦ ቀጥ ያለ፣ ያላዘነበለ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቦታ ላይ ብቻ። የተቆለፈ የኋላ ዲፈረንሻል ሁለቱንም ጎማ እኩል ስለሚያዞር ሁለቱም አብረው ይስታሉ፤ መንገዱ ያዘነበለ ከሆነ የመኪናው ጭራ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ካልተቆለፈ ቢያንስ አንዱ ጎማ ቆሞ ይይዛል። ቁልቁለትና ጥምዝ ላይ አይነካም።

መውጣት

4,200 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያያዘው፦ ጎንደር ዙሪያ ኤች ፎር ሁለተኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት፣ ቧሂት ላይ መሃል ደርሶ ሞተሩን ያስጨንቀዋል። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሽ ሊቀይር። በዚያች አንድ ሰከንድ መኪናው ይቆማል፣ በረዶ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ዳግም አይነሳም፤ ጎማው እየዞረ በረዶውን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ማርሹ የሚመረጠው ከዳገቱ እግር፣ ሜዳው ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ አናቱ አይቀየርም።

የትኛው ማርሽ? ኤል ፎር፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ኤል ፎር ጉልበቱን ሁለት ከግማሽ ጊዜ ገደማ ያበዛል፤ አንደኛ ከገባ ጉልበቱ ስለሚበዛ ነዳጅ መስጫውን ገና በመንካት ጎማው ይዞራል። በረዶ ላይ ብዙ ጉልበት ጠላት ነው። በሦስተኛ ሞተሩ ሳይጮህ፣ ጎማው ሳይዞር፣ በእኩል ፍጥነት መውጣት ነው። ጎማው መዞር ከጀመረ ነዳጁን ቀንሱ፣ አትጨምሩ። መሪውን ግራ ቀኝ በትንሹ ማወዛወዝ የጎማው ጎን ጥርስ አዲስ መሬት እንዲነክስ ይረዳል፤ ይህ ግን ለልቁጥ ነው፣ ለንጹሕ በረዶ አይሆንም።

ካቃተስ? ይህ በደንብ ይነበብ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። መኪናው ሲቆም ለመዞር አትሞክሩ፤ ጎኑን ለዳገቱ የሰጠ መኪና ይገለበጣል። ፍሪሲዮን ረግጣችሁም ወደ ኋላ አትልቀቁት። የእግር ፍሬን ያዙ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ በኤል ፎር የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፤ ሞተሩ ቢጠፋም ማርሹ ይይዘዋል፣ በማርሹ እንዳለ አስነሱት። አንዳንድ መኪና ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሪኖው አይዞርም፤ እንዲያ ከሆነ ፍሬኑ ተይዞ፣ ታኮው ከኋላ ገብቶ ይነሳ። ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ በሞተሩ ጉልበት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይውረድ። መሪው ቀጥ ይበል። እግር ከፍሪሲዮን ይራቅ። የወጣችሁበት የጎማ ፈር ካለ እሱን ተከተሉ፤ በረዶው እዚያ ተሰባብሯል።

መውረድ

ከአናቱ በፊት፣ ሜዳ ላይ ቁሙ። ሀቦቹን እዩ። ኤል ፎር፣ ሁለተኛ ማርሽ። በላንድክሩዘር እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ በዚህ ማርሽ የሚወርደው በሰዓት 4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሰው እርምጃ። ከላይ ያለውን ስሌት አስታውሱ፤ 5 ሜትር ውስጥ የሚያቆመው ፍጥነት ይኸው ነው። የፎር ባይ ፎር እውነተኛ ጥቅም ቁልቁለት ላይ ያለው እዚህ ነው፦ የሞተሩን መያዝ ለአራቱም ጎማ ያከፋፍለዋል። በኤች ቱ የኋላው ብቻ ስለሚይዝ ጭራው ይስታል።

አንደኛ ለምን አይሆንም? በጣም ስለሚይዝ። ጎማው ከመኪናው ፍጥነት በታች ይዞርና ልክ ፍሬን እንደተያዘ ይንሸራተታል። ይህ በሁለተኛም ሊመጣ ይችላል። ምልክቱ ለጆሮ ነው፦ መኪናው እየፈጠነ የሞተሩ ድምፅ ግን ዝቅ ይላል፣ የኮረኮንቹ ጩኸትም ይጠፋል። ያኔ ለማመን ቢከብድም መድኃኒቱ ነዳጅ ነው፦ በጣት ውፍረት ያህል፣ ጎማው ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪዞር። ከዞረ መሪው ይመለሳል። ፍሬን የሚረግጥ ሰው መሪውንም ያጣል፤ ጎማ ያለው መያዣ አንድ ብቻ ነውና፣ ፍሬኑ ከወሰደው ለመሪው አይተርፍም።

ጭራው ወደ አንድ ወገን ከሄደ መሪውን ወደዚያው ወገን አዙሩ፣ ፍሪሲዮን አትርገጡ፣ መኪናው ሲመለስ መሪውንም ቶሎ መልሱ። ፍሬን የግድ ከሆነ መንገዱ ቀጥ ባለበት፣ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ እያሉ ነው። ኤ ቢ ኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ራሱ የሚለቅና የሚይዝ ሥርዓት) ያለው መኪና ይህን ራሱ ያደርጋል፤ ግን በረዶ እንክብልና ልቁጥ ላይ ኤ ቢ ኤስ የማቆሚያ ርቀቱን ሊያስረዝም ይችላል፣ አትተማመኑበት።

ምንም አልሆን ካለ ወደ ተራራው ወገን ቦይ አስገቡት። ፓራፋንጎ ይጨረመታል፣ መብራት ይሰበራል፤ ይተካል። ይህ ውሳኔ ቀድሞ መወሰን አለበት፤ ከተንሸራተቱ በኋላ ማሰቢያ ጊዜ የለም።

ከፊት ሌላ መኪና ቢመጣ በደንቡ ለወጪው ቅድሚያ ይሰጣል። በረዶ ላይ ግን ወጪው ከቆመ አይነሳም፣ ወራጁ ደግሞ መቆም አይችልም። ስለዚህ ጥምዞቹ ከላይ ሆነው የሚታዩ ከሆነ ወራጁ ሜዳው ላይ ቆሞ መጀመሪያ ይይ፤ የሚመጣ ካለ አልፎ እስኪወጣ ይጠብቅ። የማይታይ ከሆነ ረዳት ቀድሞ ይላክ፣ ጥሩንባ ይነፋ። ሁለት መኪና ተከታትሎ አይውረድ፤ የመጀመሪያው ሜዳ ሳይደርስ ሁለተኛው አይጀምር።

ማቆምና ማደር

የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። አፍንጫው ወደ ታች ሆኖ ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ቀሎ ይንሸራተታል። ሀቡ ሎክ፣ ማንሻው ኤል ፎር፣ ማርሹ የኋላ ሆኖ ሲቆም የፊቱም አብሮ ይያዛል። ኤች ቱን፣ ኤች ፎርንና ኤል ፎርን የሚቀይረው ሁለተኛው ማንሻ ባዶው ላይ ከቀረ ግን ዋናው ማርሽ ቢገባም መኪናው አልተያዘም፤ ጎማና ማርሹ አይገናኙም። ይህ ስህተት ቆሞ የነበረ መኪና ሰው ሳይኖርበት ገደል ሊከት ይችላል። ታኮው ይግባ፣ ድንጋይም ይታከል፣ የፊት ጎማውም ወደ ተራራው ወገን ይዙር።

ጨነቅ ላይ የምታድሩ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ሜዳ ቦታ ፈልጉ፣ በማርሽና በታኮ አቁሙት፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁት። ወንዝ ተሻግሮ ወይም ታጥቦ የመጣ ፍሬን ውስጡ ውኃ አለ፤ ሌሊት ረግቶ ሸራውን ከከበሮው ጋር ያጣብቀዋል። ጠዋት በጉልበት ከተጎተተ ሸራው ይላጣል። ከተጣበቀ ለብ ያለ ውኃ ከውጭ ማፍሰስ ነው፤ የፈላ አይሁን፣ ከበሮውን ይሰነጥቃል። ከዚያ ሜዳው ላይ ጥቂት ሜትር እየነዱ ፍሬኑን ደጋግሞ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅ፣ ቀጥሎ ወደ ዳገቱ።

ሊማሊሞን የጠየቁኝ አሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ያ ጠመዝማዛ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ቆላ ስለሚወርድ ችግሩ ውርጭ ሳይሆን የክረምቱ ጉም፣ ጭቃና የሚንከባለል ድንጋይ ነው። የማርሹ፣ የመውረዱና የማቆሙ ነገር ግን ለእሱም ያው ነው፤ አንድ የሚጨመር ቢኖር ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማጥፋት ነው። ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይን ያጠፋል፤ አጭሩ መብራት የመንገዱን ጠርዝ ያሳያል።